ውድቅ

ስምንት ድንች መረጥኩ፣
ስምንቱም የአንድ እናት ልጆች የሚመስሉ፣
የነገብ አሸዋ ከጉንጫቸው ገና ያልረገፈ።
አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ፣
ፎርኖው ውስጥ ደረደርኳቸው፤
በመካከላቸው ሁለት ጣት ክፍተት፣
ለሁሉም እኩል እሳት።

ቂርያት ጋት ዝናብ ይዟል።
የደረጃው መብራት በየሁለት ደቂቃው ይጠፋል።
ልጄ ኖጋ ክፍሏን ዘግታ ተኝታለች፤
ዛሬ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቀች፣
ሦስተኛዋ ነው።
«ምን ልሥራልሽ?» አልኳት በተዘጋው በር በኩል።
«ድንች» አለች፣ «ያንን ሆዱ የሚሞላውን።»
ከዚያ ዝም።

እኔ ሥራዬ መመርመር ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ወንበር፣
በአንድ አጉሊ መነጽር፤
የፀጉር ጫፍ የምታህል ጭረት ካየሁ
መስታወቱን ቀይ ሣጥን ውስጥ እጥለዋለሁ፦
ውድቅ።
አላዝንለትም። መስታወት አያለቅስም።
አለቃዬ ቪታሊ «ዓይንህ ምላጭ ነው» ይለኛል፤
እኔም እንደ ምርቃት አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

የመጀመሪያውን ድንች ስከፍተው ቆዳው ተተረተረ፤
ወደ ጎን ትሪ።
የሁለተኛውን ሆድ በማንኪያ ስፍቀው ታቹ ተበሳ፤
ወደ ትሪው።
ሦስተኛው ጠርዙ አረረ፣
አራተኛው ዘመም ብሎ አልቆም አለኝ፣
አምስተኛውና ስድስተኛው ምን እንዳጠፉ
ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፤
ያኔ ግን አውቅ ነበር።

ድንች መሙላት ማለት ሆዱን አውጥቶ፣
ከሽንኩርት፣ ከእርድ፣ ከአይብ ጋር አስማምቶ፣
ሆዱን ለራሱ መመለስ ነው።
ማውጣቱን ተክኜበታለሁ።
መመለሱ ላይ ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው።
«ሆድ ይፍጀው» እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ
ይኸው ሆዷን ይዛ ግድግዳ ታያለች።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ቤት ስላ አመጣችልኝ።
«ጣሪያው ተንጋዷል» አልኳት፣
ማስመሪያ አምጥቼም አቃናሁላት።
ከዚያ ወዲያ ቤት ስላ አታውቅም።
ባሕር ትስላለች።
ባሕር ጣሪያ የለውም።

ቀትር ላይ አስተማሪዋ ዜቭ ደውሎ ነገረኝ፦
ሰው አልገጨችም፣ ቀይ መብራት አልጣሰችም።
መኪናውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ለማስተካከል
ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣
ደግሞ ወደኋላ፣
አሥራ አንድ ጊዜ፤
ፈታኙ ሰዓቱን አየ።
ልጄ ስታጠፋ አይደለም የወደቀችው፣
ስታቃና ነው።
ስልኩን ዘጋሁና
እጄን ለረጅም ጊዜ ታጠብኩ።

ሁለት ብቻ ቀሩልኝ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው።
በትንሿ ማንኪያ ሞላኋቸው፣
አናታቸውን በቢላ ጀርባ ለሰንኩ፣
የፓርስሊ ቅጠል አንዳንድ አኖርኩ፣
ቅጠሉን አነሳሁ፣ መልሼ አኖርኩ፣
ጎንበስ ብዬ በአንድ ዓይኔ አየኋቸው።
ቀና ስል
ትሪው ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ኖጋ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፣
እግሮቿን እያወዛወዘች፣
ጣቶቿ እስከ አንጓቸው እርድ፣
አፍንጫዋ ላይ አይብ።
መቼ እንደ መጣች አልሰማሁም።
«ያረረው ይጣፍጣል» አለች።
«እነዚያ እኮ...» አልኩ፣ «ውድቆቹ ናቸው።»
«እኔስ?» አለች አፏ እንደ ሞላ፣
ሳቋ ድንቹን ሊያስተፋት ደረሰ።

የቀረውን፣ ያንን የዘመመውን፣
ለሁለት ገምሳ ግማሹን ዘረጋችልኝ።
ሹካ ልፈልግ ዞሬ ነበር፤ ተውኩት።
ጎረስኩ። ምላሴን አቃጠለኝ።
ጨው አንሶታል።
ልናገር አፌን ከፈትኩ፣
እሷም አየችኝ፣
ቃሉን ከድንቹ ጋር ዋጥኩት።

ውጭ ዝናቡ እንደ ፈቀደው ያንጋድዳል።
ሁለቱ እንከን የለሾች ሳህናቸው ላይ
ቅጠላቸውን ደፍተው ቆመዋል፤
እስኪነጋ ድረስ ማንም አልነካቸውም።